ካርድ ያልወጣላት ልጅ

የመጀመሪያው ምልክት ሳል ነበር፤ ያውም ደረቅና ቀላል ሳል። ልጄ ሶስና ሁለት ዓመቷ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አነስተኛ የሕፃናት ክሊኒክ አለኝ። «ብርድ መቷት ነው» አልኩና ከምርመራ ክፍሉ ጀርባ ባለችው ጓዳ አስተኝቻት ሥራዬን ቀጠልኩ።

በክሊኒኬ ካርድ ያልወጣለት ልጅ አይታይም። ካርድ የወጣለት ደግሞ ልብሱ ተገልጦ ትንፋሹ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳይቆጠር አይሄድም። በዚህ ነገር ክፉ ነኝ፤ በልብስ ላይ የምታዳምጥ ሠራተኛ ከእኔ ጋር አትውልም። ወረፋ ለሚጠብቁት እናቶችም ሁልጊዜ አስተምራለሁ፦ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ከተሰረጎደ፣ ለነገ አትበሉ።

ለሶስና ግን ካርድ አላወጣሁም። ለራስ ልጅ ምን ካርድ ያስፈልጋል! አንዱን በሽተኛ ሸኝቼ ሌላው እስኪገባ ብቅ እላለሁ፤ ግንባሯን ዳስሼ፣ ማዳመጫዬን በሹራቧ ላይ አሳርፌ እመለሳለሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት እውነት ነው።

በሦስተኛው ቀን ምግብ እምቢ አለች። የትኩሳት ሽሮፕ ሰጠኋት። የገበያ ቀን ስለነበር ከይጁቤና ከቁይ የመጡ እናቶች አግዳሚውን ሞልተውታል። ልቤ ከጓዳው ነው፤ ግን ተራ አቋርጬ ብገባ «ለልጇ ታደላለች» እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ አያችሁ?

የሻረግ የምትባል የይጁቤ እናት፣ አምና ልጇን ያከምኩላት፣ የሚያለቅስ ልጇን እያባበለች ስትንጎራደድ በጓዳው በር ሶስናን አየቻት። እየሮጠች መጣች።

«ሲስተር፣ ኧረ በማርያም ይነሡ! የልጅዎ ጎን ይሰረጎዳል! እርስዎ ያሳዩን እንደዚህ አይደል?»

ገባሁ። ሹራቧን ገለጥኩ። ጎኗ ይሰረጎዳል። ከንፈሯ ጠቁሯል። መቁጠር ጀመርኩ። ቁጥሩ ጠፋኝ። የሻረግ ልጇን አብራት ለመጣች ጎረቤቷ ሰጥታ፣ ተራዋን ትታ፣ ሶስናን አቅፋ ባጃጅ ውስጥ ገባች። እኔ ተከተልኳት።

ሆስፒታል ሐኪሙ ኦክስጅን አደረገላትና ወደ እኔ ዞረ።

«ከባድ የሳንባ ምች ነው። ትንፋሿን ስንት ቆጠርሽ?»

«አልቆጠርኩም።»

ሰዓቱን እያየ ራሱ ቆጠረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መርፌው ተጀመረ። ሁለት ቀን ለውጥ የለም። እንዳትሞትብኝ ፈራሁ፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቷ በረደ፤ ከዚያ ውሃ ጠየቀች፣ ከዚያ ኦክስጅኑን ከአፍንጫዋ ልትነቅል ከነርሶቹ ጋር መታገል ጀመረች፣ ሳምንቱ ሲያልቅም ፍትፍቷን ከእጄ እየነጠቀች ስትበላ ሳያት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ።

ልጁ የታመመበት ወላጅ ሁሉ፣ በተለይ ሐኪም የሆናችሁ፣ ለራሳችሁ ልጅ ሐኪም አትሁኑ። ሌላ ዓይን ይየው። ልብሱን ገልጣችሁ፣ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። የሰው ወሬ ሳምንት አይቆይም።

ከሆስፒታል እንደወጣን ለሶስና ካርድ አወጣሁላት። ስሟን፣ ዕድሜዋን ጻፍኩ። «ልጁን ያመጣው ሰው» ከሚለው መስመር ስደርስ ስሜን ልጽፍ እጄ እምቢ አለኝ። የሻረግ ብዬ ጻፍኩ።