እፍ ያልኩበት ብረት

በፈረንጅ አገር፣ በምኖርበት ብሬዴንግ ሰፈር፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ የልጅ ልጄ የቆርቆሮ ኩባያ እጀታ ልትጠግን ሁለት ዓይነት ሙጫ ከየቱቦው ጨምቃ ስታደባልቅ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ እዚሁ አገር ሶልና ከተማ ወደነበረ ምድር ቤት መለሰኝ።

በፈረንጆቹ ስልሳዎቹ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ መሐንዲሱ ጋሼ ተካና እኔ እዚያ በገዛ እጃችን ትንሽ አውሮፕላን እንሠራ ነበር። አንድ ቀን ሁለት የአሉሚኒየም ቁራጮች ለሙከራ አጣበቅሁ። በማግስቱ ጋሼ በብረት መቆንጠጫው፣ በሞርሳ፣ አስረው ገፋ ሲያደርጓቸው ወዲያው ተላቀቁ።

«በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሻቸው ነበር?»

«አዎ፣ ማብረቅረቃቸው እስኪጠፋ።»

«አቧራውንስ በምን አነሳሽው?»

«እፍ ብዬ ነዋ፣ ጋሼ!»

ይስቁብኛል ስል አልሳቁም። «ትንፋሽ እርጥብ ነው። ሙጫው የያዘው ትንፋሽሽን እንጂ ብረቱን አይደለም። ይሄ የመቀመጫሽ ማሰሪያ ቢሆንስ ኖሮ?»

ተናደድኩ፤ ግን ልክ ነበሩ። ያን ቀን እፍ ብዬ ያዘጋጀኋቸውን ስምንት ቁራጮች ሁሉ እንደገና ፈገፈግሁ። አቧራውን በንጹሕ ጨርቅ ስጠርግ፣ ሳላስበው እፍ እንዳልል ከንፈሬን ነክሼ ነበር።

የልጅ ልጄ እጀታውን ፈግፍጋ ጨረሰች። ብረቱን ወደ ፊቷ አስጠግታ ከንፈሯን አሞጠሞጠች።

«ቆይ!» ብዬ አፏን በመዳፌ ከደንኩት።