አምስት ዶላሩ የት ገባ?

በኮሮናው ሰዓት እላፊ ጊዜ፣ ኩዌት ውስጥ አቡ ሐሊፋ ባለው ቤታችን ሦስታችንም ታጉረን ነበር፦ እኔ በስክሪን እማራለሁ፣ እማዬ ጭምብል ትሰፋለች፣ አባዬ ደረሰኝ ይገለብጣል። አባዬ ፋሐሂል ውስጥ የአንድ ቀለም መሸጫ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ሱቁ የሚጠቀመው በገንዘብ የተገዛ፣ ውስጡ የማይታይ ኩሩ የሂሳብ ፕሮግራም ነው። ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገርበት በር ቢኖረውም የሚያንኳኳለት ስለጠፋ፣ አባዬ ለአለቃው ለሙዲሩ ሪፖርት እያንዳንዱን ሽያጭ በእጁ ወደ ሌላ ሰንጠረዥ ይጽፋል።

ይኼ ሥራ ሁልጊዜ ዓርብን ይበላበታል። ዓርብ ደግሞ የጸሎት ኅብረታችን በስልክ የሚገናኝበት ቀን ነው፤ መዝሙር የሚያስጀምረው አባዬ ነበር። እሱ ሲቀር ሁሉም በየፊናው ይዘምራል።

"ይሄ መዝሙር ነው ወይስ ገበያ?" ትላለች እማዬ።

እኔ በዚያው ሰሞን ኮድ መጻፍ ጀምሬ፣ ዳታ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚያጓጉዝ መሣሪያ አግኝቼ ነበር። ኮዱ ለዓለም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ይጨምርበታል። ለብዙ ፕሮግራሞች ማገናኛ አለው፤ ለአባዬ ኩሩ ፕሮግራም ግን የለውም።

"እኔ እጽፍለታለሁ!" አልኩ።

"አንቺ?" አለ አባዬ።

"አዎ፣ እኔ!"

ሙዲሩ በስልክ ሲጠየቅ ሳቀና "ኻላስ፣ እሺ፣ ትሞክር" ብሎ የፕሮግራሙን የመግቢያ ቁልፍ ፈቀደልን።

ጻፍኩ፣ ተበላሸ፤ ጻፍኩ፣ ሠራ! ለመሣሪያው ባለቤቶች ስልክላቸው፣ እነሱ ኩሩው ፕሮግራም ስለሌላቸው የሚሞክሩበት የፈጠራ ደረሰኝ ጠየቁኝ። ከእማዬ ጋር ሶፋው ላይ ቁጭ ብለን ፈጠርን።

"ለሳልዋ ሰፈሯ ማዳም ሮዝ ቀለም፣ ለአጥሯ" አለች።

"እማዬ! ሮዝ አጥር?"

"ቤት ተዘግቶባት ምን ታድርግ?"

በማግስቱ በሌላ አገር ያለ፣ አይቼው የማላውቅ ገምጋሚ መለሰልኝ፦ "ማገናኛሽ ቆንጆ ነው። በእኔ ገንዘብ ስሞክረው ግን አምስት ዶላሬ ሃምሳ ሳንቲም ሆነ። ማን ዘረፈኝ?"

አይቀበሉኝም፣ አባዬም ዓርቡን አያገኝም ማለት ነው። ኮዱን እንደገና ከላይ ጀምሬ ሳነብ ግን በሳቅ ፈነዳሁ። ፕሮግራሙ ዋጋ የሚልከው በዝርዝሩ ነው፤ ዲናር ከሆነ በፊልስ፣ ዶላር ከሆነ በሳንቲም። እኔ ኩዌት ያደግሁት ልጅ፣ አንድ ዲናር ሺህ ፊልስ ነውና የዓለምን ገንዘብ ሁሉ በሺህ አካፍዬዋለሁ!

"አገራችን እኮ አንድ ብር መቶ ሳንቲም ነው፣ አንቺ የፊልስ ልጅ!" አለ አባዬ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ።

ማገናኛው መጀመሪያ የገንዘቡን ዓይነት እንዲያይ፣ ከዚያ እንዲያካፍል አደረግኩት። ከፈጠራ ደረሰኞቹም ላይ አንድ በብር ጨመርኩ፤ እማዬ አዲስ አበባ ላለው የእናቷ ቤት ሰማያዊ ቀለም "ገዛች"። ተቀበሉት! እኔ የጻፍኩት ኮድ፣ ማንም በሚያነበው ቦታ!

ዓርብ ዕለት አባዬ ላፕቶፑ ላይ ማገናኛውን አስነሳ። ሽያጮቹ እየተንዶለዶሉ ሰንጠረዡ ውስጥ ገቡ። ድምሩን ከፕሮግራሙ ጋር አስተያየ፣ አንድ ፊልስ አልጎደለም። ላፕቶፑን ከድኖ ስልኩን አነሳ።

"እስቲ ዝም በሉ፣ እኔ ላስጀምር።"

"ጋሼ! መጡልን!" የሚል ጩኸት ከስልኩ ወጣ።

አባዬ አስጀመረ። ኢንተርኔቱ ስለሚያዘገየው ሁሉም ግማሽ ቃል እየዘገየ ይከተለዋል። እማዬ ዛሬ "ገበያ" አላለችም፤ እሷም እየዘመረች ነበር።