የተተኮሰው እጅጌ

ደባርቅ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊነት የጀመርኩ ቀን ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ኑሩ መቀስ አላስነኩኝም። የከሰል ካውያ አስይዘው ቀኑን ሙሉ ሱሪ አስተኮሱኝ። በመጨረሻ "እጅህ ለካውያ የተፈጠረ ነው" አሉኝ። በዚህ ሙገሳ ሠላሳ ዓመት ስኮራ ኖርኩ።

አምና ከተራራው የወረደች አንዲት ጃፓናዊት ከአስጎብኚዋ ከደሳለው ጋር ሱቄ መጣች። ሃኦሪ የሚሉትን የአገሯን የሐር ካፖርት ይዛለች። ሰማያዊ ነው፤ ግራ እጅጌው ተተርትሯል።

"ጋሽ እንድሪስ፣ የሟች እናቷ ልብስ ነው። ተራራ ላይ ለብሳው ፎቶ ስትነሣ ተተርትሮባት ነው። ነገ ጠዋት ወደ ጎንደር ትወርዳለች፤ አደራዎን" አለኝ ደሳለው።

"ለእኔ ተወው" አልኩት።

ስፌቱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ጨርቁን ሳየው ግን አዘንኩ። ከአንገት እስከ ጫፉ ሽምብራ በሚያካክሉ እብጠቶች ተሞልቷል፤ በየእብጠቱ አናት ነጭ ነጥብ አለ። ሻንጣ ውስጥ ታጭቆ የተጨማደደ መሰለኝ። የእናቷን ልብስ እንዲህ አድርጋ ስትይዝ አይቼ ዝም ልል ነው? እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌ የሰፋሁትን እጅጌ ለጥ አድርጌ ተኮስኩት። ወደ ቀኙ ልሻገር ስል ከሰል አለቀብኝና ተበሳጨሁ።

ጠዋት ስትመጣ እጅጌውን ዘርግቼ ምስጋናዬን ጠበቅኩ። በጣቷ ዳሰሰችው። ለደሳለው ቀስ ብላ ነገረችው።

"እያንዳንዷን እብጠት ሰው በእጁ በክር ቋጥሮ፣ ቀለም ነክሮ፣ መልሶ ፈቷታል ነው የምትል። ቋጠሮው ብቻ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ጌጡ እብጠቱ ነው፣ ጋሽ እንድሪስ።"

"አይመለስም?"

"አይመለስም አለች።"

በድንጋጤ "ታዲያ እንዲመሳሰል ቀኙንም ልተኩሰው?" ብዬ አረፍኩት። ደሳለው አልተረጎመውም። እሷ ግን ዓይኔ ወደ ካውያው ሲሄድ አይታ ልብሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

ከዚያ ለበሰችው። አንገቱን ወደ ውጭ አጠፈች፤ ፊቱን ሳትገጥም ደረቷ ላይ በሁለት አጭር ገመድ አሰረችው። ቁልፍ ልተክልለት አስቤ እንደነበር አልተናዘዝኩም። እኛ እኮ የነጠላ ጥለት ወዴት እንደዞረ አይተን ለቀስተኛውን የምንለይ ሰዎች ነን። የሌላውም አገር ልብስ ወግ ይኖረዋል ብዬ አለማሰቤ አንገበገበኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ራሷን ነቀነቀችና ግራ እጅጌዋን እያየች አንድ ነገር አለች።

"ምን አለች?" አልኩት።

"ይኸን እናቴ ብታየው አታውቀውም ነው የምትል።"

ልብስ ሰፊ የታዘዘውን ይስፋ። ያልታዘዘውን ከመንካቱ በፊት ይጠይቅ።