ደብዛዛው ሳሎን

ነጭ አምፖል አልወድም። ወልድያ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት ላይ መብራት ሳዞር እውላለሁ። ከላይ በቀጥታ የሚወርድ ነጭ መብራት ቆንጆዋን ሙሽራ ታማ የሰነበተች ያስመስላታል። ያንኑ መብራት ዝቅ አድርገው፣ ወደ ጎን አዙረው፣ በስስ ጨርቅ ሲጋርዱት ግን የደከመ ፊት ሁሉ ያርፋል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ የተከራየኋትን አንድ ክፍል በርካሽ መብራት ሞልቻታለሁ። ቻርጅ የምትደረግ ክብ መብራት አለችኝ። የጠረጴዛ ጠርዝ ነክሳ የምትቆም ትንሽ መብራት አለችኝ። ለገና ዛፍ የሚሸጠውን ረጅም የመብራት ገመድ ጠቅልዬ ባዶ የማር ጠርሙስ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አንዲት አምፖል ላይ ደግሞ አሮጌ ወንፊት ደፍቼባት፣ ብርሃኗ ግድግዳው ላይ ተንጠባጥቦ ያድራል። ያየ ጎረቤት ሁሉ "ይህች ልጅ ጤና የላትም" ይላል። ይበል።

መርሳ ያለው የወላጆቼ ሳሎን ግን ያናድደኝ ነበር። መሃል ጣሪያው ላይ ሱቅ በራፍ የሚሰቀለው ዓይነት ግዙፍ ነጭ አምፖል ተንጠልጥሏል። የሰቀለችው እናቴ ናት። በሄድኩ ቁጥር "እማዬ፣ ይህ ሳሎን ነው ወይስ ቀዶ ጥገና ክፍል?" እላታለሁ። "ዓይንሽን ካመመሽ ጨፍኚው" ትለኛለች። ዕቃ ማንቀሳቀስም ክልክል ነው። ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቶ፣ ወንበሮቹ ተሰልፈው፣ ከበሩ እስከ አባቴ ሶፋ ወለሉ ባዶ መሆን አለበት። የእናቴ ግትርነት ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ የእናቴ የእህት ልጅ ወለደችና እናቴ አራሷን ልታግዝ ግራና ወደምትባለው ከተማ ሄደች። እኔ ፈቃድ ወስጄ አባቴን ላበላ መርሳ መጣሁ፤ መብራቶቼንም በካርቶን ይዤ ነው የመጣሁት። እናቴ በሌለችበት ቤቱን ሰው የሚኖርበት ላስመስለው ቆርጬ ነበር።

አባቴ የሚኒባስ ሹፌር ናቸው። ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያ መርሳ፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ። ታላቅ ወንድሜ ረዳታቸው ነው። ረዳት ስል ጎረምሳ እንዳይመስላችሁ፤ ልጆች ያሉት፣ ጠጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ቆይቷል። ግን አባቴ "እኔ በሕይወት እያለሁ መሪዬን የሚይዝ የለም" ብለዋል፤ እሳቸው አንድ ጊዜ ካሉ ደግሞ አለቀ።

በመጣሁ ማግስት ከሰዓት በኋላ እጅጌዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ትልቁን አምፖል ፈትቼ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። ክቧን መብራት ሶፋው አጠገብ፣ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ፣ ወንፊት የደፋሁባትን ከበሩ ትይዩ አደረግኩ። ትንሿን ወደ ግድግዳው አዞርኳት። ጠረጴዛውን መሃል አመጣሁ፤ ወንበሮቹን ክብ ሠራኋቸው፤ ሲሞቀኝ ጃኬቴን አውልቄ አንዱ ወንበር ላይ ጣልኩት። ሲመሽ ሁሉንም አበራሁና በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። የተሰነጣጠቀው ግድግዳችን እንኳ ለስልሶ ነበር። በጣም ደስ አለኝ። አባቴ እስኪገቡ ቸኮልኩ።

ሚኒባሱ በራፍ ላይ ቆመ። አባቴ መጡና የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። እጃቸው የበሩን መቃን ያዘ።

"መብራት ሄደ እንዴ?" አሉ።

ቀልዳቸው መሰለኝ። "አዎ አባዬ፣ ሄዷል" ብዬ ሳቄን አፈንኩ። እሳቸው ቀስ ብለው ገቡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ።

"እንደምን አመሹ። ኧረ አይነሡ፣ በሞቴ አይነሡ!"

ወንበሩ ላይ ከጃኬቴ በቀር ማንም አልነበረም።

እንግዳው መልስ ሳይሰጥ ሲቀር አባቴ ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ወደ ሶፋቸው ሲያመሩ ጠረጴዛው ጉልበታቸውን መታቸው። "ማን ነው ይህን እዚህ ያቆመው? ቤት ነው መጋዘን?" ብለው ጮኹ። እጃቸውን ይዤ ላስቀምጣቸው ስል መነጨቁኝ። ሶፋውን በመዳፋቸው ፈልገው ተቀመጡ።

ራት አቀረብኩ። በመካከሉ እጄን ሰደድኩና ከጎናቸው ያለችውን ክብ መብራት አጠፋኋት። ፊታቸው ግማሹ ጨለመ። አባቴ መጉረሳቸውን ቀጠሉ። መልሼ አበራኋት። ስለ ናፍጣ ወረፋ እያወሩ ነበር፤ ወሬያቸውን አላቋረጡም። እንጀራውን እያየሁ ቀረሁ። የበላሁት አይመስለኝም።

ወንድሜ ግቢ ውስጥ የሚኒባሱን ጎማ ያያል። ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ገጠም አደረግኩት።

"አባዬ አያዩም" አልኩት።

"ድምፅሽን ቀንሺ።"

"ታውቃለህ ማለት ነው?"

"ቀን ቀን ያያሉ። ሲመሽ ነው የሚያስቸግራቸው።"

"ሲመሽ ታዲያ ማን ነው የሚነዳው?"

ጎማውን በእግሩ መታ። ከዚያ ነገረኝ። ሲደነግዝ እሱ ከወንበሮቹ መካከል ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ይቆማል። "አባዬ፣ የማን ከብት ነው ይኼ?" ይላል፤ አባቴ ፍጥነት ይቀንሳሉ። "ጋሪው ምን ጭኖ ነው?" ይላል፤ ወደ ግራ ይወጣሉ። ተሳፋሪው ወሬ ይመስለዋል። አባትና ልጅ አንድ ቀን እንኳ ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። አባቴ አላይም አላሉም፤ ወንድሜም አያዩም አላለም። እናቴም አምፖሏን ሰቅላ፣ ወለሉን ባዶ አድርጋ ዝም ብላለች።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አልኩት።

"እሺ ንገሪያቸዋ። ደፋሯ አንቺ ነሽ።"

ደፋሯ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። እናቴ ጋ ደወልኩና አምፖሉን እንዳወረድኩት ነገርኳት። "መልሰሽ ስቀይው" አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁ። ሦስቱም አብረው የሚሸፍኑት ነገር ሰው ሊገድል እንደሚችል እንዴት አይታያቸውም? ሚኒባሱ ውስጥ የሚሳፈረው የሰው ልጅ አይደለም?

በማግስቱ የወልድያ ገበያ ነበር። ጉዳይ አለኝ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ማታ ስንመለስ ጋቢና ገባሁ። ከኋላ ገበያተኛው በዕቃው ላይ ተጨናንቋል። ከኋላዬ ሕፃን ያቀፈች ሴት ተቀምጣለች። ፀሐይዋ ጠልቃ የመኪና መብራት ቢበራም የማያሳይበት፣ ባይበራም የማያስችልበት ሰዓት ነበር። ያን ሰዓት ፎቶ ቤት ሆኜ እወደው ነበር። እዚያ መንገድ ላይ ጠላሁት።

አባቴ ደስ ብሏቸዋል። ድሮ ስለነበረ አንድ ሹፌር እያወሩኝ ይነዳሉ። እጃቸው ኩርባው ከመድረሱ በፊት መሪውን ያዞራል፤ መንገዱን በልምድ ነው የሚያውቁት። መንገድ ላይ ያለችውን ሲሪንቃን አለፍን። ከኋላ አንድ ሰውዬ ጆንያዬ ተረገጠ ብሎ ተነሣ፤ ከጎኑ ካለው ጋር ተያያዘ። ወንድሜ ሊገላግል ዘወር አለ።

ግመሎቹን ያየኋቸው ያኔ ነው። በሰልፍ ታስረው መንገዱን ሲያቋርጡ መሃል ላይ ቆመዋል። ሩቅ ነበሩ። አባቴ አሁን ይቀንሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልቀነሱም። ፊታቸውን አየሁት፤ የሹፌሩ ታሪክ ጣፋጩ ቦታ ላይ ደርሶ ፈገግ ብለዋል። አፌ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን እምቢ አለኝ። ወንድሜ ጀርባውን እንደሰጠ ነው። የግመሎቹ እግር፣ የተጫነባቸው ጨው፣ የነጂው በትር ሁሉ ይታየኛል።

"አባዬ ግመል! ግመል! ያዙ!"

ፍሬኑ ጮኸ። ከኋላ ያለው ሁሉ ወደ ፊት ተደፋ። ቆመን ስንረጋ የግመሏ ጎን ከመስታወቱ ፊት ሞልቶ ነበር። ነጂው ሽማግሌ በትራቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉት።

"ያ አላህ! ሰው አታይም እንዴ አንተ? ከመግሪብ ሶላት ጀምሮ እዚሁ ቆሜ የለም ወይ!"

"ሹፌር፣ ተኝተህ ነው?" አለ አንዱ ከኋላ። ሕፃኗ በኃይል ታለቅሳለች። አባቴ መሪውን እንደያዙ "ድንገት ገቡብኝ" አሉ። ቀሪውን መንገድ ወንድሜ ከትከሻቸው ሥር አልተነሣም።

ቤት ገባን። አምፖሉን አልሰቀልኩትም። እንደ ትናንቱ መብራቶቹን ሁሉ አበራሁ። አባቴ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል።

"አባዬ፣ መብራቶቹ የት የት እንዳሉ ያሳዩኝ" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"በጣትዎ ያሳዩኝ።"

"ልጄ ልትፈትነኝ መጣች?" ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። በልጅነቴ ይህን ድምፅ ስሰማ አልጋ ሥር ነበር የምገባው። አልተንቀሳቀስኩም። ቆየት ብለው እጃቸውን አነሡ። አጠገባቸው ያለችውን ክቧን ለማሳየት፣ የያዝኳት መስሏቸው ወደ እኔ ድምፅ ጠቆሙ። ከዚያ ጣታቸው አየር ላይ ዞረ፤ ጠርሙሱን አለፈው፤ ወንፊቷን አለፋት፤ መብራት የሌለበት ጥግ ላይ ቆመ።

"እዚያ" አሉ።

"እዚያ ምንም የለም፣ አባዬ" አልኩና አለቀስኩ። "ግመሎቹም ድንገት አልገቡም። ቆመው ነበር። ከሩቅ ይታዩ ነበር።"

እጃቸውን አወረዱ። "ከኋላሽ ያለቀሰችው ሕፃን ናት?" ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። በመዳፋቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ቀና ሲሉ ወደ በሩ ዞሩ። "መንጃ ፈቃድህ ታድሷል?" አሉት ወንድሜን።

"ታድሷል።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?"

"ፈራሁዎት" አለ ያ ልጆች የወለደ ሰውዬ።

አባቴ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉ። ወንድሜ ሊቀበል ፈርቶ ቆመ። እጃቸው እንደተዘረጋ ሲቀር እኔ ተቀብዬ ሰጠሁት።

ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። የዓይናቸው ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን ጎድቶታል፤ የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን የታዘዘላቸው የዓይን ጠብታ ይጠብቀዋል ተባልን። እናቴ ከግራና ተመልሳ "አንቺ ባትመጪ ኖሮ" ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። አባቴ ቤት እንዲቀመጡ ሁላችንም ለመንናቸው። "ቁጭ ብዬ ግድግዳ ልይ? እሱንም በደንብ ለማላየው!" አሉ። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም።

ወደ ሥራዬ የተመለስኩበት ጠዋት መርሳ መናኸሪያ ደረስኩ። ወንድሜ መሪው ላይ ተቀምጧል። አባቴ ባርኔጣቸውን አድርገው የሚኒባሱ በር ላይ ቆመው ይጣራሉ፤ "ወልድያ! ወልድያ! ሲሪንቃ ወልድያ! የሞላ፣ የሚሄድ!" እሳቸው መሪ ሲይዙ ሰላም ይሏቸው የነበሩ ሹፌሮች ወደ ሌላ ያዩ ነበር። አባቴ የአንዲት ባልቴት ዘንቢል ተቀበሉ፤ ወንበር አስያዟቸው። እኔ ጋቢና ገባሁ። መኪናው ሞላ።

ከኋላ ወንበር አንድ ጎረምሳ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ጮኸ።

"ረዳት! በሩን ዝጋው እንጂ፣ አቧራ ገባ!"

የወንድሜ እጅ መሪው ላይ ደረቀ። ደሜ ፈላ። ዞሬ አንተን የመሰለ ስንቱን በዚህ መንገድ ያመላለሱ ሰው ናቸው ልለው አፌን ስከፍት፣ የአባቴ እጅ በክፍቱ በር በኩል ከኋላ ትከሻዬ ላይ አረፈና ጫን አለኝ።

"እሺ፣ ጌታዬ" አሉ አባቴ።

ገቡና በሩን ዘጉት። "ሂድ ልጄ፣ ሞልቷል" አሉት ወንድሜን።

ወንድሜ ማርሽ አስገባና ወጣን።