ለቾምባ የተዘፈነው

ካፔምብዋ የታመመ ጆሮ አለው፤ ሚስቱ ምዋንሳ እንደዚያ ነው የምትለው። ሕመሙ አለመስማት ሳይሆን ከሰው አብልጦ መስማት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራኑ አንዷ ዜማውን ትንሽ ዝቅ አድርጋ ከያዘች እሑዱ በሙሉ ይበላሽበታል። ምሳ ላይ የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሺማውን፣ በጣቱ እየጠቀለለ፣ «ከኋላ የቆመችው ልጅ እኮ…» ብሎ ይጀምራል።

«ብላ እባክህ» ትለዋለች ምዋንሳ። «እግዜር ራሱ ያልከፋውን አንተ ምን ቤት ነህ?»

ሉዋንሺያ ከተማ ባለው የመዳብ ማዕድን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ማዕድኑ ሲዘጋ ሰዉ በስንብት ገንዘቡ ሚኒባስ ሲገዛ፣ ዶሮ ሲያረባ፣ እሱ ማይክራፎን ገዛ። ምፓታማቱ ሠፈር ካለው ቤቱ ጀርባ የነበረችውን ዕቃ ቤት ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኖ ስቱዲዮ ብሎ ሰየማት። መዘምራን ይቀዳል፣ የሰርግ ዘፈን ይቀዳል፣ ጊታሩንም ራሱ ይመታል። ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ቢሆንም አላማረረም፤ የሚያማርረው ሰው ዜማ ሲያበላሽ ብቻ ነበር።

ባና ካሶንዴን ያገኛት ለቅሶ ቤት ነው። አንድ የድሮ የሥራ ጓደኛው ሞቶ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ሲያንጎራጉሩ፣ ከመካከላቸው የአንዷ ድምፅ ቀጥ አድርጎ አቆመው። ወፈር ያለ፣ ጫፉ ላይ ሻከር የሚል፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው። ማን እንደሆነች ጠየቀ። «የካሶንዴ እናት ናት፤ ባና ካሶንዴ። ገበያ ደረቅ አሣ የምትሸጠው» አሉት። በማግስቱ አሣ ተራ ሄዶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ድምፅዎን ልቀዳው ፈልጌ ነበር» አላት።

«ምን አጥፍቼ?» አለችው፤ አጠገቧ ያሉት ነጋዴዎች በሳቅ ፈነዱ።

ብዙ ቀን ተመላለሰ። መጨረሻ ላይ እሺ ስትለው ግን በቁም ነገር ነበር። «አንድ ዘፈን አለኝ» አለች። «ሌላው የማንም ነው፤ ሰርግ ላይ ተዘፍኖ ሰርግ ላይ ይቀራል። ይኼኛው የቾምባ ነው።»

ቾምባ ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች ባንጉዌሉ ሐይቅ ውስጥ ባለችው ምባባላ ደሴት ላይ ያሳደገቻት እሷ ነች። ባና ካሶንዴ ልጃገረድ ሳለች ከአንድ የማዕድን ሠራተኛ ጋር ተዋደደችና አንድ ማለዳ የቤቱን ታንኳ ፈትታ፣ ለእህቷ ደህና ሁኚ ሳትል ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰውየው አግብቷት፣ ወልዳ፣ ቀብራውም ነበር። ሞባይል ከመጣ በኋላ እህትማማቾቹ ይደዋወላሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አሣው፣ ስለ ልጆቹ ያወራሉ። ስለዚያ ማለዳ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

በአፍ ያልተባለውን ዘፈኑ ይላል። ነፋሱን ወደ ደሴቱ ይልካል። ታንኳው የሚታሰርበትን ቦታ በስሙ ይጠራል። «የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ባዶውን ችካል ያየሽው አንቺ ነሽ» ይላል አዝማቹ።

ካፔምብዋ ለመቅዳት የክረምቱን ግማሽ ፈጀ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲጥል ያቆማል፤ ውሻ ሲጮኽ ያቆማል። ባና ካሶንዴ አሣዋን ለጎረቤት ነጋዴ አደራ እየሰጠች ስትመላለስ አንድም ቀን አልነጫነጨችም። በመጨረሻ ሥራው ሲያልቅ ካፔምብዋ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ከንፈሯ ሲላቀቅ ይሰማል። አዝማቹ ጋ ስትደርስ የምትስበው ትንፋሽ ይሰማል። በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ጥፋቱም የጀመረው እዚያው ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዘፈኑ ይልቅ ቀረጻውን ወደደ።

አሁን የቀረው ዘፈኑን የት እንደሚያወጡት መምረጥ ነበር። ካሴት ከቀረ ቆይቷል፤ ሰው የሚሰማው በስልኩ ከሚከፍተው የሙዚቃ አፕ ነው፤ ዘፋኙም የሚከፈለው በተሰማው ልክ ከዚያው ነው። ካፔምብዋ ያገኘውን አፕ ሁሉ ሞክሮ ሁለቱን አስቀረ። አንደኛውን «የሚኒባሱ» አለው፤ ሾፌሩም ፀጉር አስተካካዩም የሚያጫውተው እሱን ስለሆነ። ደካማ ኔትወርክ ላይ ይሠራል፣ ዘፈኑን ስልክ ላይ ያስቀምጣል፣ ግጥሙን ያሳያል፣ በአንድ ንክኪ ለዘመድ ይልካል። ለዘፋኝ የሚከፍለው ግን ከምንም አይቆጠርም። ከዚያ የባሰበት ድምፁ ነው፤ እንዲቀል ተብሎ ይጨመቃል። የባና ካሶንዴን ዘፈን ለሙከራ ጭኖ ሲሰማው ትንፋሿ የለም፤ ሻካራው ጫፍ ተላጭቷል። «ድስት ውስጥ ከተው የከደኗት ነው የምትመስለው» አለ ለምዋንሳ።

ሁለተኛውን «የሩቁ» አለው። እዚያ ድምፁ እንደተቀዳ ይወጣል፣ ቅንጣት አይጎድልም። ለዘፋኝም የሚከፍለው ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ይኼ የሚሆነው ግን ዘፈኑ ለሁለት ዓመት ለእሱ ብቻ ከተሰጠ ነው። ጥሩ ስልክ ይፈልጋል፤ የኢንተርኔት ፓኬጁንም እንደተጠማ በሬ ይጨልጠዋል። በሉዋንሺያ ይህ አፕ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። በደሴቱ ማን ሊኖረው?

ምዋንሳ ሁሉንም ሰምታ ቲማቲሟን እየከተፈች፣ «ሴትዮዋ እንዲሰማላት የፈለገችው ማን ነው?» አለችው።

«ለሥራዋ ዋጋ የሚሰጣት ይሻላል። በነፃ ስትዘፍን አልኖረችም እንዴ?»

«እኔ የጠየቅሁህ ሌላ ነው።»

ካፔምብዋ ወደ ስቱዲዮው ተመለሰ። ያለው ነገር ውሸት አልነበረም፤ ለዘፋኝ ምንም የማይከፍል ነገር ከልቡ ያናድደዋል። ግን ያ ምክንያት በደህና ቀን የሚለበስ ካፖርት ነበር፤ ከሥሩ ያለው ጆሮው ነው። ያ ትንፋሽ ተጨምቆ ሲጠፋ ሊሰማ አልቻለም።

የ«ሩቁን» ውል ይዞ ገበያ ሄደ። ባና ካሶንዴ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለችው፤ ብዙም አላነበበችውም።

«ቾምባ ትሰማዋለች?» አለችው።

«ትሰማዋለች። ሁሉም ሰው ቀስ እያለ ወደዚህኛው ይመጣል።»

«አንተ ካልክ እሺ» ብላ ፈረመች።

መጀመሪያ ላይ ደስታ ነበር። የማያውቁት አንድ ሰው ከባሕር ማዶ፣ ዘፋኟ ክፍሉ ውስጥ ያለች መሰለኝ ብሎ ጻፈ፤ ካፔምብዋ ይህንን ለሚያገኘው ሁሉ አነበበ። የገበያዋ ሴቶች ግን ዘፈኑን ፈልገው አጡት። «ባና ካሶንዴ፣ ዘፈንሽን ለአሣ ነው እንዴ የለቀቅሽው?» እያሉ ይቀልዱባት ጀመር። ክፍያውም ቢሆን ለአንድ አድማጭ ብዙ ቢከፈልም አድማጩ ጥቂት ስለሆነ፣ ሲመጣ አፍ ሞልቶ የሚያስወራ አልነበረም። ቅጂውን ለሰው እንዳትልክ ውሉ ያስራታል። ለቾምባም «ስጦታ አለኝ፣ ጠብቂ» ብላ ነበርና፣ በስልክ ብዘፍንላት ይበላሻል ብላ ጠበቀች።

አንድ ቅዳሜ ለሙሽራ በተደረገ የሴቶች ድግስ ላይ ለምነዋት ዘፈነችው። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ የሳህኑ ኳኳታ እንዳለ አንዷ በስልኳ ቀዳችው። ያ ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ፤ የማን እንደሆነ የሚናገር ስም አልነበረበትም። ንዶላ ያለች ሉቡቶ የምትባል ወጣት ዘፋኝ ዘንድ ደረሰ። ሉቡቶ ሐይቁ ካለበት አገር፣ ከሉዋፑላ፣ የመጣ ባለቤት የሌለው የጥንት ዜማ መሰላት፤ ከበሮ ጨመረችበት፣ ፈጠን አደረገችው፣ «የጥንት ዜማ» ብላ ጽፋ «የሚኒባሱ» ላይ አወጣችው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጅ አዋቂው ባዶውን ችካል እየጠራ ይጨፍር ነበር።

ካፔምብዋ መጀመሪያ የሰማው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከመድረሻው በፊት ወርዶ በእግሩ ሄደ።

ባና ካሶንዴ ስልክ የተደወለላት ጊዜ ካፔምብዋ ፊቷ ቆሞ አሣ ይገዛ ነበር። ገበያው ስለሚጮኽ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

«እህቴ፣ ስሚኝማ» አለች ቾምባ። «አንዲት ልጅ ስለ እኛ ዘፍናለች።»

«ምን ብላ?»

«ታንኳችንን ታውቃለች። ችካሉን ታውቃለች። ያሳደጋት ሰው ማን እንደሆነ እንጃ። እዚህ ልጆቹ ሲያጫውቱት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያቺ ልጅ አዘነችልኝ፤ ከዚያ ከሄድሽበት ማለዳ ጀምሮ እንደሷ ያዘነልኝ የለም።»

ባና ካሶንዴ የያዘችውን አሣ መልሳ ክምሩ ላይ አኖረችው። «ቾምባ፣ ዘፈኑ የኔ ነው» አለች። «ላንቺ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ከስልኩ ሳቅ መጣ፤ ክፋት የሌለበት፣ የደከመ ሳቅ። «አንቺማ ድሮም የጎረቤቱን ዶሮ የኔ ነው ትዪ ነበር።»

ካፔምብዋ ጎንበስ አለ። «እውነቷን ነው፣ እማማ። እኔ ነኝ የቀዳኋት።»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ካፔምብዋ እባላለሁ።»

«እና የቀዳኸው የታለ? አሰማኛ።»

«አፕ ላይ ነው። ስልክዎ…» ብሎ አቋረጠው። ምን ዓይነት ስልክ እንደያዘች ከድምፁ ያውቃል።

«እንዲህ ነው እንግዲህ» አለች ቾምባ። «የናንተ የማይሰማ ነው፤ የልጅቷ ግን ተሰማ።» መስመሩ መቆራረጥ ጀመረና ጠፋ። ባና ካሶንዴ መልሳ አልደወለችም። ለካፔምብዋ አሣውን ጠቀለለችለት፤ እንደወትሮው ምርቃትም ጨመረችለት። ከሁሉ የከበደው ያ ምርቃት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረው የለም። ውሉ እንዲፈታ ለባለ አፑ ደጋግሞ ጻፈ፤ ጊዜው ሲያልቅ ይፈታል የሚል ትሕትና የሞላው መልስ መጣለት። ንዶላ ሄዶ ሉቡቶን አገኛት። ልጅቷ ደነገጠች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ የባና ካሶንዴን ስም ከዘፈኑ ሥር ጻፈች። ማንም በማያነበው ጥቃቅን ፊደል ተቀመጠ። ደሴቱ ድረስ ቀረጻውን ይዞ ለመሄድ አሰበና ዛሬ ነገ ሲል ቆየ፤ መጀመሪያ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ነበረበት፣ ቀጥሎ መንገዱ በዝናብ ተቆረጠ። ቾምባ በብርዱ ወራት በሳንባ ሕመም ሞተች። ውሉ ገና አላለቀም ነበር።

ባና ካሶንዴ ቀብራት ስትመለስ ካፔምብዋ ሊያስተዛዝናት አሣ ተራ ሄደ። በአንድ የዘይት ሣጥን ላይ አስቀመጠችው።

«መቃብሩ ላይ ልዘፍንላት ጀመርኩ» አለችው። «ሴቶቹ ሁሉ ያውቁታል፣ ተቀበሉኝ። ግን የተቀበሉኝ በልጅቷ አካሄድ ነው፤ ፈጠን አድርገው፣ እያጨበጨቡ። ላስቆማቸው አልፈለግሁም። እኔም ተከተልኳቸው።»

ካፔምብዋ አንገቱን ደፋ።

«ቾምባ ትሰማዋለች ስትለኝ» አለች ቀጥላ፣ «እንደማትሰማው ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አንድ ደንበኛ መጥታ ዋጋ ጠየቀች። ባና ካሶንዴ ተነስታ መለሰችላት፣ ሸጠችላት፣ ዝርዝሩን መለሰችላት። ተመልሳ ስትቀመጥ ያወራችው ስለ መንገዱ ነበር፤ ድልድዩ ተሰብሮ በጀልባ ስለመሻገራቸው። ካፔምብዋ ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ ለስድብ መልስ ይገኛል። እሷ ግን ያንን ነገር ዳግመኛ አላነሳችውም፣ ስቱዲዮውንም ዳግመኛ አልረገጠችም። ውሉ ሲያልቅ ዘፈኑን «የሚኒባሱ» ላይ አወጣው። ከሥሩ መጀመሪያ የተጻፈው አስተያየት፣ ይህቺ አሮጊት ሉቡቶን ልትመስል ትሞክራለች የሚል ነበር። ምዋንሳ አንብባ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

ካፔምብዋ ዛሬም ይቀዳል። ወጣቶቹ የትኛው አፕ ይሻላል ብለው ሲጠይቁት ክፍያውን ያስረዳቸዋል፤ በነፃ ዘፍናችሁ አትሙቱ ይላቸዋል፤ ይህንን አልተወም። ከዚያ ግን ዘፈኑ ማን እንዲሰማው እንደሚፈልጉ ይጠይቃል። አንዳንዱ አገር ሁሉ ይላል። አንዳንዱ አያቴ ይላል፤ ያኔ የአያትየውን ስልክ ይዘህ ና ይለዋል። ልጆቹ ግራ ይጋባሉ፤ የዚህን ሁሉ ዕቃ ባለቤት ምን ነካው ይላሉ። ስልኩ ሲመጣ፣ ድምፅ ማውጫው የተሰነጠቀም ቢሆን፣ ዘፈኑን በዚያ ላይ ደጋግሞ እየሰማ ያስተካክላል። ብዙው ነገር ሲጠፋ ይሰማዋል፤ ትንፋሹ፣ የጊታሩ ክር ጫፍ፣ የከንፈሩ መላቀቅ። ጥርሱን ነክሶ ያልፈዋል።

ደረቅ አሣ የምትገዛው ግን ምዋንሳ ናት። እሱ ወደዚያ ተራ መሄድ ከተወ ቆይቷል።