አብተው አረቄውን ያልጠጣ ዕለት

አብተው የወለንጪቲ ልጅ ነው። ዛሬ የጭነት መኪና አክስል ሲሰበር ከሞጆ ድረስ ተጭኖ ናዝሬት እሱ ብረት ወደሚቀርጽበት ቶርኖ ቤት ይመጣል። እኔ ግን የምኮራው በሙያው ብቻ አይደለም። በ1974 ዓ.ም. አብረን የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪዎች ሳለን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባደረገውም ነው።

ያኔ ብዙ መጠጣት የብረት ሠራተኛ ወግ ይመስለን ነበር። ቅዳሜ ማሽኑን በናፍጣ አጥበን፣ ዘይት ቀብተን፣ የብረት ፍቅፋቂውን ጠርገን ስናበቃ ቀጥታ እትዬ ተሻለች አረቄ ቤት ነው። መለኪያውን በአንድ ትንፋሽ መገልበጥ ግዴታ ነው። የተንገዳገደ ይሞገሳል፤ ያስመለሰ ሳምንቱን ሙሉ ይወራለታል። የማይጠጣ «ጴንጤ» ይባላል። በዚያ ዘመን ይህ ቀልድ አልነበረም፤ ጸሎት ቤቶቻቸው ተዘግተው ሰው ይታሰርበት ነበር።

አብተው አይጠጣም። አረቄ በማግስቱ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ቶርኖ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ እጅ አይምርም ባይ ነው። ጴንጤ እንኳ አልነበረም፤ ማተቡ አንገቱ ላይ ነው።

የፋብሪካ ልምምድ ምደባ ደረሰ። ያለ ወጣቶች ማኅበር ድጋፍ ማንም አይመደብም። ማኅበሩን የሚመራው የክፍላችን ልጅ ንዋይ ነበር። ለዚሁ ጉዳይ ሁላችንንም እትዬ ተሻለች ቤት ሰበሰበንና መለኪያ ሞልቶ አብተው ፊት አስቀመጠ።

«ጓድ አብተው፣ ጴንጤ ነህ ይሉሃል። ማተብ እንደሆነ ማንም ያስራል። ይቺን ገልብጥና ምደባህን ውሰድ።»

አንድ ጉንጭ ብቻ ነበር። ነገር ግን አጠገቡ የሻሸመኔው ገመዳ ተቀምጧል። እውነተኛው ጴንጤ እሱ ነው፤ ይህን የምናውቀው አብተውና እኔ ብቻ ነን። መለኪያው ቀጥሎ ወደ ማን እንደሚዞር ግልጽ ነው።

አብተው መለኪያውን በመዳፉ ከደነ። «እኔ የማርያም ልጅ ነኝ። ሃይማኖቴን ግን አረቄ አይመሰክርልኝም። እኔ ጠጥቼ ካለፍኩ የሚቀጥለውም ሊገደድ ነው። አልጠጣም፤ የፈለግከውን ጻፍ።»

 ከዚያ ዋናው ጠጪያችን የሚባለው ባጫ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም እኮ የምደፋው ከአግዳሚው ሥር ነው። እናንተ ትወዱታላችሁ ብዬ ነው እንጂ።»

ሌላውም እንደዚያው እንደሚያደርግ ተናገረ፤ ሌላውም ተከተለ። እትዬ ተሻለች ጠርሙሱን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«አይ ልጆቼ፣ እኔ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ዶሮዎቼ ከአግዳሚው ሥር እየተንገዳገዱ ሲወጡ የፈንግል በሽታ መታቸው ብዬ ስንት ነጭ ሽንኩርት ከተፍኩላቸው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ንዋይ ግን አልሳቀም። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ የአብተውን ምደባ የሚቃወም እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ። ማንም አላወጣም። የሚደግፍ ሲል አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ። የገመዳ ጉዳይ ሲመጣም እንዲሁ። ሁለቱም ሞጆ ተመደቡ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ክፍል የጠጣ ወዶ ጠጣ፤ የተወውንም ሃይማኖቱን የጠየቀው የለም። ይህን ያደረገልን አብተው ነው።