ለማንም እንዳትነግሪ

ዛሬ ኢስትሊ ሰፈር ከማታቱ ታክሲ ስወርድ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሸተተኝና ደረቴ ጥብቅ አለ።

ያን ሽታ መጀመሪያ ሳውቀው አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ አስም እንዳለብኝ ከታወቀ የምውልበት መዋለ ሕፃናት አይቀበለኝም ብላ ስለፈራች፣ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከቅያሪ ልብሴ ሥር ደበቀችው። "ለማንም እንዳትነግሪ" አለችኝ።

አንድ ቀን ከግቢው ጀርባ ቆሻሻ ሲያቃጥሉ ጭሱ ክፍላችን ገባ። ትንፋሽ አጠረኝ፤ ደረቴ ያፏጭ ጀመር። ኤርትራዊቷ ሞግዚታችን እማማ ለተብርሃን "ምንሽን ነው የኔ ልጅ?" እያሉ ሲጨነቁ፣ የእናቴን ቃል ጠብቄ ዝም አልኩ። ከንፈሬ ሲጠቁር ቦርሳዬን ዘርግፈው መድኃኒቱን አገኙና አፌ ላይ አደረጉልኝ።

እናቴ ልትወስደኝ ስትመጣ እማማ በር ላይ ጠበቋት።

"እጄ ላይ ብትሞትብኝ ምን እልሽ ነበር?" አሏት።

"ዳይሬክተሯ ካወቀች ታስወጣታለች፤ ሥራ ስውል ማን ይይዝልኛል?" አለች እናቴ እያለቀሰች።

በማግስቱ መድኃኒቱን ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። "ከእማማ በቀር ለማንም እንዳትነግሪ" አለችኝ። እማማም ለዳይሬክተሯ ትንፍሽ አላሉም።

አሁን የምሄደው እናቴ ቤት ነው። ምሳ ሠርታ ትጠብቀኛለች፤ ስለ ብዙ ነገር እናወራለን። ስለዚያ ቀን ግን እስከ ዛሬ አንዳችንም አንስተን አናውቅም።